ገመዱን ማን ቆረጠለት?

ፊሽካው ሲነፋ ዛውሬ ኳሱን አላየችም፤ ያየችው የልጇን ቀኝ እግር ነው። ተንሸራቷል። ያው እንደ ወትሮው።

“የኩልጃን እግር፣” አለች በጥርሷ መሃል።

ይህ ቂም ከልጇ ከዳሪን እኩል ያደገ ነው። ዳሪን ድክ ድክ ሊል ሲል፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ሁለት እግሩን በጥቁርና ነጭ ገመድ አሰሩት። ገመዱን የሚቆርጠው አረማመዱ ያማረ ሰው ነው፤ ልጁ አካሄዱን ከሱ ይወርሳላ። ዛውሬ የመረጠችው በሩጫ ሜዳሊያ ያገኘ ጎረቤቷን ነበር። የድግሱን ሥጋ ልታወጣ ጓዳ ገብታ ስትመለስ ግን፣ የባሏ ታላቅ እህት ኩልጃን ገመዱን ቆርጣ ቆየቻት። ኩልጃን ደግሞ ሰፊ ነጠላ ጫማ ያጠለቀች ይመስል ቀኝ እግሯን የምትጎትት ሴት ናት፤ ሸርተት፣ ሸርተት።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ ኩልጃን፣ ከብስክሌት ሲወድቅ ኩልጃን። ቁመቱ የቤቱን መቃን ሲያልፍ የኪዚሎርዳ ንስሮች ወሰዱት፤ በአገሪቱ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚጫወት የከተማቸው ቡድን ነው። ዛውሬም ገበያ ላይ ሩዝ እየሰፈረች “የኔ ልጅ እኮ” ማለት ጀመረች።

ኩራቷ ግን አልቆየም። የዘንድሮው ውድድር ቅጠል ሲረግፍ ተጀመረ፤ አሰልጣኙም በመጀመሪያው ጨዋታ ዳሪንን አስገባው። በዚህ ጨዋታ ኳስ ይዞ የቆመ ሰው አንዱን እግሩን መትከል አለበት፤ የተተከለው እግር ከተንሸራተተ ፊሽካ ነው። ዳሪን ኳስ ያዘ፤ እግሩ ሸርተት፤ ፊሽካ። ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ ፊሽካ። አሰልጣኙ ጠርቶ አስቀመጠው። የሲር ወንዝ በረዶ እስኪጋገር፣ ተጋግሮም እስኪሟሟ፣ እዚያው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቀረ።

በብርዱ መሃል ዛውሬ አንድ ቀን አሰልጣኙን የልምምድ አዳራሹ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

“ጌናዲ ፓቭሎቪች፣ ልጄን የወሰዱት ሊጫወት ነው ወይስ ወንበር ሊያሞቅ?”

“ዛውሬ፣ ይስሙኝ። ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም። ከወረወረ አይስትም። እግሩ ነው።”

“እግሩማ የኔ ጥፋት አይደለም።”

“ማንስ የእርስዎ ነው አለ?”

ስለ ገመዱ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ያኔ ግን በልቧ አንድ ነገር ማለች። የሴት ልጇ የዲናራ ልጅ፣ ትንሹ አልዲያር፣ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል። የእሱ ገመድ የሚቆረጥበት ድግስ ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ይሆናል፤ ገመዱንም የሚቆርጠው የቡድኑ አምበል ኤርናር ነው። ኤርናር ሲራመድ መሬቱን በርስት የተቀበለ ነው የሚመስለው። ሄዳ ለመነችው፤ እሱም “እናት፣ ቢላዋውን ብቻ ሳሉልኝ” አላት።

ዛሬ እንግዲህ ያ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ንስሮቹ ወደሚቀጥለው ዙር ለማለፍ ማሸነፍ ነበረባቸው፤ ጨዋታው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው አሰልጣኙ ዳሪንን ያስታወሰው። ገባ፣ ኳስ ያዘ፣ ፊሽካ።

ከዛውሬ ኋላ የሱፍ ፍሬ የሚቀረጥፍ ሰውዬ ነበር። “ለዚህ ግንድ ገመዱን ማን ቆረጠለት በሉ?” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ኤሊ ናት?”

ሰው ሳቀ። ዛውሬ ይህንኑ ስትል ነው የኖረችው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ዞረች።

“እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“እኔ ነኝ የቆረጥኩለት። እናቱ ነኝ። የሚያስቅህ ካለ ፊቴን እያየህ ሳቅ።”

“ኧረ እናቴ፣ ለጨዋታ ያህል ነው።”

“ጨዋታውማ እዚያ ታች ነው። እሱንም ተሸንፈናል።”

ከፊት ለፊቷ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ሴት አንገቷን አዞረች። ኩልጃን ናት። እሷም ከጨዋታ ቀርታ አታውቅም፤ አብረው ተቀምጠው ግን አያውቁም።

ዛውሬ አውቶቡስ ስትጠብቅ ኩልጃን እየተጎተተች መጥታ አጠገቧ ቆመች። ነፋሱ አሸዋ ይበትናል።

“ለምን ዋሸሽ?”

“እርስዎስ ያኔ ማንን አስፈቅደው ቆረጡ?”

“ያ ሯጭሽ አልመጣማ። ልጁ እግሩ ታስሮ ቆሞ ያለቅሳል፤ ሰዉ ይጠበቅ ይላል። ሊወድቅ ሲል ቆረጥኩት።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ ታኮርፊያለሽ እንጂ ትጠይቂያለሽ?”

አውቶቡሱ ሲመጣ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ ተቀመጡ።

ማታ ዳሪን ቦርሳውን ይዞ ገባ።

“ምን አሉህ?”

“ሙቀት ሲገባ እንደውላለን አሉኝ።”

“ይደውላሉ ታዲያ።”

“አፓ፣” አላት እናቱን፣ “እንደውላለን የተባለ ሰው ተደውሎለት ያውቃል?” ጫማውን አወለቀና አየው። “አጎቴን ባቡር ጣቢያ ሥራ እንዲፈልግልኝ ጠይቂልኝ።”

በማግስቱ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ፤ አልዲያርን እግሩን አስረው ጨርቁ ጫፍ ላይ አቆሙት። ኤርናር የለም። ሲደወልለት “መንገድ ላይ ነኝ” አለ። ቆየት ብሎ ሲደወልለትም መንገድ ላይ ነው።

“ይጠበቅ እንጂ፣” አሉ እንግዶቹ፤ “አምበል እኮ ነው።”

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ወዲያ ወዲህ ተወላገደ። ዳሪን ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ እነዚያን ረጃጅም እጆቹን በግራና በቀኝ ዘረጋለት፤ አልነካውም፣ ቢወድቅ ግን መሬት አያገኘውም። ኩልጃን ጥግ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጉጣለች።

“ምን ሆነው ነው እጅዎን የደበቁት?” አለች ዛውሬ።

“ዛሬስ አልነካም። እኔ የለሁበትም።”

ዛውሬ በሩን አየች፤ ልጁን አየች። ቢላዋውን አነሳች።

“ዳሪን፣ ቁረጥ።”

“እኔ?”

“እዚህ ቤት ሌላ ዳሪን አለ?”

“አፓ፣ እግሬን እያወቅሽ?”

“አውቀዋለሁ። በዚያ ሁሉ በረዶ ጠዋት ጠዋት ከዚህ በር ሲወጣ ያየሁት እግር ነው። ቁረጥ፣ ልጁ ይወድቃል።”

ዳሪን እህቱን ቀና ብሎ አያት። “በናትህ ቁረጠው፣” አለች ዲናራ።

ቆረጠው። አልዲያር ለቅሶውን አቆመ። አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሁለተኛውን ሄደ፤ በሦስተኛው፣ ቀኝ እግሩ ጨርቁ ላይ ሸርተት አለ።

“እንግዲህ በእኔ እንዳታሳብቢ፣” አለች ኩልጃን።

ዛውሬ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ አመለጣት።

በሩ ተከፈተ። ኤርናር አዲስ ኳስ በብብቱ ይዞ፣ በሚያምር አረማመዱ ገባ።

“እናት፣ ረፈደብኝ እንዴ? ማን ቆረጠው?”

“ዳሪን፣” አለች ዛውሬ። ቢላዋውን በመቀነቷ ጠርጋ ሥጋ እንድትቆርጥበት ለዲናራ ሰጠቻት። “ግባ፣ ተቀመጥ። ዛሬ የመቀመጥ ተራው ያንተ ነው።”