የግርጌ ሰው

ባዶ እግሩን መጣ እኮ፣ አብዱልመጂድ ባዶ እግሩን፣ በቅሎውን ጀውሃ ገበያ ዳር አማቱ ቤት አስሮ፣ የተጣፈ ሽርጥ አገልድሞ፣ ሽርጡን ከየት አገኘው፣ ከአሽከሩ ገፎ ይሆናል፣ አርባ ግመል ያለው ሰው ቤት የተጣፈ ሽርጥ አይገኝም፣ ተረከዙን አያለሁ፣ ልስልስ ያለ ተረከዝ፣ እሾህ የማያውቅ፣ ጠጠር በረገጠ ቁጥር ፊቱ ጭምድድ ይላል፣ ሰዉ ግን ተረከዝ አያይም፣ ሽርጡን እያየ ሰውየው ተለውጧል ይላል። ተለውጧል። አዎ።

ዛሬ የውሃ አባት እንመርጣለን። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ተራ የሚያወጣ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ ሰው እዚህ ሾላ ሥር እናቆማለን፣ የወደደው ከኋላው ይሰለፋል፣ ሰልፉ የረዘመለት ያሸንፋል፣ ደንቡ አንድ ነው፣ የውሃ አባት የግርጌ ሰው ይሁን፣ ማሳው ቦዩ ከሚያልቅበት ላይ የሆነ፣ ምክንያቱም ውሃ እሱ ጋ ከደረሰ ሁሉም ጠጥቷል ማለት ነው፣ የራስጌ ሰው ምን ቸገረው፣ ጠጥቶ ሲያበቃ ይተኛል። አያቶቻችን ይችን አስበዋል። ጣልያን ከገባ አምስተኛ ዓመቱ፣ መኮንኑ ወንበሩን አስይዞ መጥቶ ጥላችን ላይ ተቀምጧል፣ በባህላችሁ ምረጡ ይላል፣ እሱ የሚፈልገው ለመንገድ ሠራተኞቹ ሽንኩርት ነው፣ ማንም ይመረጥ፣ ሽንኩርቱ ይምጣ።

ብርሃኔ ባለፈው ሲያወራልን፣ አስተርጓሚው፣ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ፣ ከመኮንኑ ራዲዮ ሰምቶ፣ አሜሪካኖችም በዚህ ሰሞን ንጉሣቸውን ይመርጣሉ አለ፣ ንጉሥ ደግሞ ይመረጣል እንዴ፣ ንጉሥ እንኳን አይደለም፣ በየአራት ዓመቱ የሚሾም ነው፣ ሁለት ሰዎች ቀርበዋል፣ አንዱ ከነሀብቱ የተወለደ፣ ሌላው ራሱ ያፈራ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ድሃ ጉርስ ነው። የእህቴ ባል አሊዪ ጠየቀው፣ ድሃውስ የታለ፣ የሚቀርብ ድሃ የለም? ብርሃኔ ሳቀ፣ ድሃማ መራጩ ነው አለ፣ ሀብትህን ሰው ይችልልሃል፣ ቁም ነገሩ አፍህ ላይ ነው፣ የተራበ ሰው ፊት ስለ ዳቦ አንዲት ክፉ ቃል ካመለጠችህ አለቀልህ። ሁላችንም ሳቅን። አብዱልመጂድም እዚያው ነበረ። እሱ አልሳቀም፣ እሱ አዳመጠ።

ይኸው ዛሬ። እኔም እንደናንተው የግርጌ ሰው ነኝ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽንኩርት ዝሩ፣ ሊሬው የናንተ፣ ግመሉ የኔ፣ ያለ ኪራይ ጭኜ አደርስላችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ በዚህ ቀበሌ ድሃ አይኖርም። ሰዉ አጉረመረመ፣ ደስ ያለው ሰው ማጉረምረም። አፉ ቅቤ። ከዚያ ከሱ ጋር የሚወዳደረው አሊዪ ተነሣ፣ የእህቴ የዘምዘም ባል፣ ያለው አንድ በሬ፣ ከኔው በሬ ጋር አቀናጅቶ የሚያርስ፣ ዘንድሮ ዝናቡ አጭር ነበር አለ፣ ውሃው ለሽንኩርት አይበቃም፣ መጀመሪያ በቆሎ እንዝራና እንብላ፣ ሊሬ አይቆረጠምም። እውነቱን ነው፣ ወላሂ እውነቱን ነው፣ ሰዉ ግን ፊቱን አዞረ፣ አንዱ ከኋላዬ፣ ራሱን ያላጠገበ እኛን ሊያጠግብ ነው? አለ፣ ያለው ማማሩ አለ ሌላው፣ ሳቁ። እኔ ዝም።

ዝም ያልኩት ስለማውቅ ነው። አብዱልመጂድ ግርጌ ላይ መሬት ኖሮት አያውቅም። አሁን የያዘው የኔ ነበረ። ነሐሴ ላይ ቤቴ ድረስ መጣ፣ ሷሊሕ፣ ያችን ድንጋያም መሬትህን ስጠኝና ከራስጌው ጥቁር አፈር ግማሽ ጥማድ ልስጥህ፣ በሆዴ ሳቅሁ፣ ሰውየው ጃጅቷል አልኩ፣ ሚስቴን ከዲጃን፣ ዛሬ አንድ ሀብታም አታለልኩ አልኳት፣ ድንጋይ ምን ሊያደርግለት? አለችኝ፣ ሴት ምን ታውቃለች አልኳት። አፈር ተሰጣጠን፣ በእፍኝ፣ እሱ ለኔ እኔ ለሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ለካ መሬቱን አይደለም የፈለገው፣ ለካ እኔም ሾላው ሥር መቆም እችል ነበር፣ የግርጌ ሰው ነበርኩ፣ አስቤው አላውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ።

ሷሊሕ፣ ና ወዲህ። ምርጫውን የሚመሩት ሸሁ ናቸው የሚጠሩኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ልውውጣችሁ ጸንቷል ወይስ ፈርሷል? ደንብ አለ፣ መሬት የተለዋወጠ ሰው የመጀመሪያው ማሽላ እስኪታጨድ ድረስ ቢጸጸት አፈሩን ይመልሳል፣ ማንም አይከሰውም፣ ማሽላው ደግሞ ገና እንደቆመ ነው፣ አንድ ቃል፣ ፈርሷል ብል አብዱልመጂድ ከሾላው ሥር ይወጣል፣ አሊዪ ብቻውን ይቀራል፣ ውሃው ግርጌ ይደርሳል፣ የዘምዘም ልጆች በቆሎ ይበላሉ። እኔም ወደ ድንጋዬ። ጥቁሩ አፈር ግን፣ ውሃው ሳይለመን እግሬ ሥር የሚመጣበት፣ ሃያ ዓመት ተራ ጠብቄአለሁ፣ ሃያ ዓመት የራስጌ ሰው እየሰረቀ ሲያደርቅብኝ ማን ለኔ ምስክር ቆመ፣ ደግ መሆን ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ? መኮንኑ ሰዓቱን ያያል። አብዱልመጂድ ፈገግ ይልልኛል። አሊዪ አያየኝም፣ መሬት መሬት ያያል፣ ምን እንደምል የሚያውቅ ይመስለዋል፣ ያምነኛል፣ ይሄ ሞኝ ያምነኛል።

ጸንቷል እላለሁ። የግርጌው መሬት የሳቸው ነው፣ የአብዱልመጂድ።

አብዱልመጂድ ወንድሜ ብሎ ያቅፈኛል፣ ሽርጡ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ እስከ ቦዩ ይደርሳል፣ ከአሊዪ ኋላ ስድስት ሰው፣ አምስት፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ተሻገረ፣ እኔም የምቆምበት ታውቋል፣ ቆሜአለሁ። አፍራለሁ። ዘምዘም ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ትመጣለች፣ ትንሹን አዝላ፣ ትጮሃለች ብዬ እጠብቃለሁ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ፣ አትሰድበኝም፣ ወንድም ጋሼ ትለኛለች ቀስ ብላ፣ ከራስጌ ሆነህ ስትጠጣ ቢስሚላህ ማለት እንዳትረሳ፣ ልጁን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ታዝላለች፣ ትሄዳለች፣ አልረሳም፣ መቼ ረስቼ አውቃለሁ ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ አፌ ደርቋል፣