ከማሽኑ ማዶ ያለው ሰው

የምንዘጋበት ቀን እንደታወቀ ኢዋኪ የሚባለው ታክሲ ነጂ ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። «የዘመናት ሁሉ ምርጥ ጌም የትኛው ነው? ምክንያቱንም ጭምር ይጻፉ» ይላል። ሳያስፈቅደኝ ነው የለጠፈው። ዕድሜውን ሙሉ ወንበሬን ሲያሞቅ የኖረ ሰው ባይሆን ኖሮ በዚያው እጁ አስነሳው ነበር።

ጌም ቤታችን አማጋሳኪ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው መተላለፊያ በላይ ፎቅ ላይ ናት። ከታች ታኮያኪ የሚባል ኦክቶፐስ የተከተተበት የሊጥ ኳስ ስለሚጠበስ የዘይቱ ሽታ በደረጃው እየወጣ ወንበሩ ሁሉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሕንፃው ሊፈርስ ነው፤ በቦታው መድኃኒት ቤት ይሠራል ተብሏል። እኔ ኩራሃሺ እባላለሁ፤ ቤቷን የማስተዳድር እኔ ነኝ። ደንበኞቼ «አለቃ» ይሉኛል፤ የማዘው ሰው ግን የለኝም፣ ማሽኖቹም ቢሆኑ የሚታዘዙኝ ሲፈልጉ ነው።

«አለቃ፣ አንተስ የቱን መረጥክ?» አለኝ ኢዋኪ።

«ሥራ አለብኝ።»

«ምን ሥራ? ልንዘጋ አይደል እንዴ!»

«ያንተን የጣት ቅባት ከስክሪኑ ላይ መወልወል።»

«እኔ ሦስተኛው ጨረቃ ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ? አዲሶቹ ጌሞች ያባብሉሃል። ስትሞት አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ ይሉሃል። ይሄኛው ግን ሞትክ፣ በቃ ሞትክ። ጥፋቱም ያንተው ነው። እንደ ሚስቴ ነው፣ አይዋሽም።»

«ሚስትህ ጥላህ ሄዳለች እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ! እሄዳለሁ አለች፣ ሄደች። መቼ ዋሸች?»

ሦስተኛው ጨረቃ የድብድብ ጌም ነው። ሥዕሉ ሻካራ፣ ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ የሠራው ድርጅት እንኳ ከጠፋ ቆይቷል። ሰው ግን ዛሬም ከአዲሱ ማሽን ተነስቶ እሱ ላይ ይቀመጣል። ኢዋኪ ያለው እውነት አለው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ነው።

ሁለት ማሽኖች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። አንተ ወዲህ፣ ባላጋራህ ከማዶ። ፊቱን አታይም፣ እሱም ያንተን አያይም። በኛ ቤት ደግሞ ዞሮ ሄዶ ማዶ ያለውን ሰው ማየት ነውር ነው። ድሮ የተሸነፉ ጎረምሶች እየዞሩ ቡጢ ይሰናዘሩ ስለነበር ነው ደንቡ የወጣው፤ እያደር ግን የቤቱ ጣዕም እሱ ሆነ። ማዶ ያለውን ሰው ሥራህ ምንድን ነው፣ ሚስት አግብተሃል ወይ ብለህ አትጠይቀውም። ሲቸኩል፣ ሲፈራ፣ ሲያዝንልህ ግን ከእጁ ታውቀዋለህ። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱም ተዋጊዎቻቸውን ሁለቴ ቁጭ ብድግ ያደርጓቸዋል፤ ምስጋና ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ሰው ሳያይህ ከሰው ጋር መሆን፤ ጌሙን እስከዛሬ ያቆየው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሾጎ ናሩሴንም ያመጣው ይኸው ነው። ሾጎ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የመጀመሪያ ሥራውን እንደጀመረ ብዙም ሳይቆይ ተወውና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ በዚያው ቀረ። እናቱ ምግቡን በሩ ሥር ያስቀምጣሉ፣ ቆይተው ባዶውን ሳህን ያነሳሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንድ ቃል አይለዋወጡም። ከቤት የሚወጣው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ወደኔ። ቆቡን ደፍቶ፣ ማስኩን አጥልቆ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይመጣና ሦስተኛው ጨረቃ ላይ ይቀመጣል። ከኔ ጋር እንኳ የሚነጋገረው በአንገቱ ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ እናቱ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሁድ፣ አንዲት ሴትዮ ደረጃው ላይ እንደ ሌባ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አገኘኋቸው።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«ያ ቆብ ያደረገው ልጅ... እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ይጫወታል።»

«ከማን ጋር?»

«ማዶ ከተቀመጠው ሰው ጋር።»

«ማነው እሱ?»

«ማንም ሊሆን ይችላል። ፊቱን አያየውም።»

«እኔም ልሆን እችላለሁ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተመለሰ።

ጠዋት ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ አስተማርኳቸው። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም። «ወይዘሮ ናሩሴ፣ ሩዝ እያጠቡ እኮ አይደለም! ቁልፉን መታ ያድርጉት!» እያልኩ እጮኽባቸው ነበር። ከተዋጊዎቹ ሁሉ መረብ የሚወረውረውን ቦርጫም ዓሣ አጥማጅ መረጡ። ለምን ብላቸው «ቀርፋፋ ነው፣ እኔም ቀርፋፋ ነኝ» አሉ። ከማሽኑ ማዶ በኩል የኋላ ደረጃ አለ። ሾጎ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ይገባሉ፣ እሱ ከሄደ በኋላ በዚያው ይወጣሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሾጎ እንደ ዝንብ ነበር የሚያራግፋቸው። እሱ የሚጫወተው በመነኩሴው ነው፤ ፈጣንና ክፉ ነው። ከወራት በኋላ ግን አንድ እሁድ ስክሪኑ ላይ ያልለመድኩትን ነገር አየሁ። መነኩሴው አንዲቱን ምት ቀስ አድርጎ ይሰነዝርና ወደኋላ ብሎ ይቆማል። ይጠብቃል። እንደገና ያችኑ ይሰነዝራል። ዓሣ አጥማጁ መከላከል እስኪችል ድረስ ደጋገመው። የቻሉ ዕለት መነኩሴው ሁለቴ ቁጭ ብድግ አለ፤ ጎበዝ ማለቱ ነው። ወይዘሮ ናሩሴ የኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«አስተማረኝ እኮ፣ አቶ ኩራሃሺ! ልጄ ታግሦ አስተማረኝ!»

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በሳምንት አንዴ፣ በዓሣ አጥማጅና በመነኩሴ እጅ፣ ሲጨዋወቱ ኖሩ። ቤት ሲገቡ በሩ ያው ዝግ ነው። ግን ሴትዮዋ ከእሁድ እስከ እሁድ የሚያቆያቸውን አግኝተዋል፤ መልካቸውም ተመልሶ ነበር። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቤት ውስጥ የሠራሁት ደህና ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

ልንዘጋ ነው ያልኳቸው ቀን እጃቸው ጆይስቲኩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሌላ ቦታ ይኖራል?»

«ኡሜዳ አንድ ትልቅ ጌም ቤት አለ። ግን በባቡር ነው፣ ሰውም ይርመሰመስበታል። ሾጎ አይሄድም።»

«አይሄድም» አሉ እሳቸውም።

ከመጨረሻው በፊት ባለው እሁድ ግን ሾጎ ጨዋታውን ጨርሶ ወደ ደረጃው በመሄድ ፈንታ ወደኔ መጣ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ያ ዓሣ አጥማጁ...» አለ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ከዚህ በኋላ የት ነው የሚጫወተው?»

«እንጃ፣ አልነገረኝም።»

«የሚጫወትበት ቦታ ካለ እሄዳለሁ። ቢርቅም እሄዳለሁ። ደግሞ... ደንቡን አውቃለሁ፤ ግን በመጨረሻው ቀን ዞሬ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁልኝ?»

እጠይቅልሃለሁ አልኩት። ሲወርድ ደረጃውን በሁለት በሁለት ነበር የሚረግጠው።

እናቱ ከማሽኑ ጀርባ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። የኋላ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው በርቷል። እኔ ደግሞ ነገሩን አስቤ ጨርሻለሁ።

«እንዲህ እናድርግ» አልኳቸው። «ዓሣ አጥማጁ ፊቱን ማሳየት አይወድም፣ እሁድ እሁድ ግን ኡሜዳ ይገኛል ልበለው። ልጁ ባቡር ይሳፈራል፣ ሰው መሀል ይገባል። እርስዎም እዚያ ከማዶ ይቀመጣሉ። ምን ጎደለ?»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ልጄ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሰው ፊት ማየት አማረው። ያማረው ደግሞ የኔ ነው፣ አቶ ኩራሃሺ። የኔ!»

«ያማረው የዓሣ አጥማጁ ነው።»

«ዓሣ አጥማጁ ማን ሆነና?»

ተናደድኩ። ቆይ ይታገሡ፣ ነገ ዛሬ አይደለም አልኳቸው። ባቡሩን ይልመድ፣ ሰው ይልመድ፣ ከዚያ ይነግሩታል አልኳቸው። እሳቸው ግን ጭራሽ አልሰሙኝም፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። የሰባ ዓመት ደጃፍ ላይ የቆመች እናት እንዲህ ስትደሰት አይቼ ስለማላውቅ፣ በመጨረሻ እሺ አልኳቸው። ሾጎም በሳምንቱ ሲመጣ ፈቅዷል አልኩት።

የመጨረሻው እሁድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ምርጫውን ሦስተኛው ጨረቃ አሸነፈ፤ ኢዋኪ እስክሪብቶ እየቀያየረ ደጋግሞ ስለጻፈው ነው። ከታች ታኮያኪ በትሪ አስጭኖ መጥቶ ያገኘውን ሁሉ ያጎርሳል። ወይዘሮ ናሩሴ በኋላ በር ገቡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ ከንፈራቸውን ቀባ አድርገዋል፣ ሐምራዊ ካፖርት ለብሰዋል። ለሠርግ የሚሄዱ ይመስላሉ። 

ተጫወቱ። እንደዚያ ቀን ተጫውተው አያውቁም። በሁለተኛው ዙር ዓሣ አጥማጁ መነኩሴውን ጠበቀ፣ ጠበቀና መረቡን ጣለበት። መነኩሴው ወደቀ። ከወዲህ በኩል ሾጎ ሳቀ። ከልቡ፣ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከማዶ እናቱ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ያን ሳቅ ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! የቀረውን ዙር ሾጎ አሸነፈ። መነኩሴው ሁለቴ ቁጭ ብድግ አለ፣ ዓሣ አጥማጁም መለሰ።

ሾጎ ተነሣ። ቆቡን አወለቀ፣ ከዚያ ማስኩን። ፊቱን ያኔ አየሁት፤ የልጅ ፊት ነው። ማሽኑን ዞረና ገና ቀና ብሎ ሳያይ፣ ከወገቡ አጎንብሶ እጅ ነሣ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አብረውኝ ስለተጫወቱ ከልቤ አመሰግናለሁ» አለ ወደ ወለሉ።

ከዚያ ቀና አለ።

«ሾጎ» አሉ ወይዘሮ ናሩሴ። «እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔው ነበርኩ።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ካፖርቱን አየ፣ የተቀባውን ከንፈር አየ፣ ጆይስቲኩ ላይ ያለውን እጅ አየ።

«እዚህም?» አለ።

«አንተ እኮ ነህ ላየው ያልከው፣ የኔ ልጅ...»

«ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለ።

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ማስኩን አጠለቀ፣ ቆቡን ደፋ፣ በሰዎቹ መሀል ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ልከተለው ብዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ፤ ደርሼ ምን እለዋለሁ? ኢዋኪ ትሪውን እንደያዘ «ምን ተፈጠረ አለቃ? ማን ሞተ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ወይዘሮ ናሩሴ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ስክሪኑ ተጫዋች እየጠራ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እሳቸው እሱን ያያሉ።

ሕንፃው ፈረሰ። ማሽኖቹን አንድ ሰብሳቢ ወሰዳቸው፣ እኔም ጣቢያው አጠገብ ብስክሌት ማቆሚያ ጠባቂ ሆንኩ። ኢዋኪ አልፎ አልፎ መኪናውን አቁሞ ይሰድበኛል፣ እሰድበዋለሁ። ወይዘሮ ናሩሴን ግን በአካባቢው አላየኋቸውም፤ ወደ ቤታቸው መሄድም አልደፈርኩም።

በፀደይ አንድ ማለዳ ባቡር መጠበቂያው ላይ አገኘኋቸው። ከስተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«የትም አይደለም። ኮቤ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።»

«ኮቤ ምን አለ?»

«ምንም። እኔ ቤት ውስጥ ካለሁ ምግቡን አያነሳም። ኮቴዬን ከሰማ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ሲመሽ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው።»

«እሁድስ? ይወጣል?»

አይወጣም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮቱንም በካርቶን ሸፍኖታል አሉኝ። ከዚያ የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ እያፍተለተሉ ቆዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አቶ ኩራሃሺ። እባክዎ አይዋሹኝ። ያን ቀን ማዶ የተቀመጠው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ... ማንም፣ ያ ታክሲ ነጂም ቢሆን... ልጄ ዛሬ ይወጣ ነበር?»

ማን ያውቃል ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁና አልቻልኩም።

«ይወጣ ነበር» አልኳቸው።

«እኔም እንደዚያ ነው የማስበው» አሉ። አጎንብሰው አመሰገኑኝ። ባቡሩ ሲመጣ ተነሥተው ተሳፈሩ።