የሽንኩርቱ ሳፋ

«ጧፍ ይሹበት» አለች ሀኒ።

እትዬ ፅጌ ማርያም የዕድሩ ብርጭቆ ካለበት ሻንጣ ዚፕ ጋር ሲታገሉ ቆይተው ቀና አሉ። ሀኒ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ጥለቱን ዘቅዝቃ በለበሰችው ነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። እትዬ ፅጌ ማርያም ከሥዕሉ ሥር ካለው ጧፍ ቁራጭ ሰበሩና የዚፑን ጥርሶች ላይ ታች አሹት። ዚፑ ሸርተት ብሎ ተከፈተ።

«የእናቷ መላ» አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

ቀጥሎ ከጥጉ የመጣው ሹክሹክታ ግን ለሀኒ ጆሮ የተላከ ይመስል ጥርት ያለ ነበር።

«እናቷን ቀብራ ስለ ዚፕ ታወራለች። አንድ ጠብታ እንባ አየሽባት?»

ለቅሶ ቤት የራስ ዓይን ያለቅሳል፤ የሰው ዓይን ይቃኛል። ሀኒ ከቀብሩ ጀምሮ በሰው ዓይን ስትቃኝ ነው የሰነበተችው።

የሀኒን እናት የሺመቤትን ፋሲሎ ሰፈር የሚያውቃት በመላዋ ነው። በክረምት ጨው እየረጠበ ሲያስቸግር የፎገራ ሩዝ ጣል አድርጉበት ያለች እሷ ናት። ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ አምፖሉን ሲከብ፣ ከሥሩ ውሃ በሳፋ አስቀምጡ፣ ራሱ ይገባበታል ያለችም እሷ። ሲጢጥ የሚል በር ይሁን፣ ያረረ ድስት፣ ተረከዝ የሚልጥ አዲስ ጫማ፣ «ለዚህማ መላ አለው» ትልና እጅጌዋን ትሰበስባለች። ጎረቤታቸው ጋሽ ክንዱ አንድ ቀን «እስቲ ሚስቴን ዝም የማሰኝበት መላ ካለሽ» ቢሏት፣ «እሱማ ቀላል ነው፤ እርስዎ ያዳምጧት» ብላቸዋለች። ድንኳኑ ውስጥ ይህንኑ ሲያወሩ ሰዉ ሳቀ፤ ጋሽ ክንዱም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ለገዛ ራስ ምታቷ መላ አልነበራትም። «ትንሽ ልጋደም» ብላ እንደገባች ቀረች። ደም ግፊት ነው ተባለ።

ከደጅ ኡኡታ ተሰማ። የየሺመቤት የአክስት ልጅ ከይፋግ ገና መድረሷ ነው። ቤቱ በአንድ ድምፅ ተቀበላት፤ ሴቶቹ ተነሡ፣ ሀኒም ተነሣች። ሁሉም ደረቱን እየመታ ሲያነባ እሷ መሃላቸው ቆማ ጣሪያውን ታያለች።

ይህም የእናቷ መላ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለች ልጆቹ «አባትሽ ጥሏችሁ ሄደ» እያሉ ሲያበሽቋት እያለቀሰች ቤት ገባች። የሺመቤት አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ምላስሽን ላንቃሽ ላይ ለጥፊው። ጣሪያ ጣሪያውን እዪ። እንባው መንገዱን ይስታል።»

ሳተ። ልጆቹ ሰለቻቸውና ተዉአት። ከዚያ ወዲህ ሀኒን ስታለቅስ ያየ ሰው የለም። ምላሷን ለሁለት ሥራ አዋለችው፤ እንባ ታግድበታለች፣ ሰው ትቆርጥበታለች። የእናቷ ሬሳ ሲወርድ ምላሷ ማንም ሳያዘው ቦታውን ያዘ፤ እሷም ከሐይቁ የሚመለሱትን ወፎች ስታይ አፈሩ ተመለሰ። አሁን ልቀቀኝ ብትለውም አይለቃትም። ትናንት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ጠበቀች። የፈሰሰው የቧንቧው ብቻ ነው። እናቷ ማስቆሚያውን አስተምራት ማስጀመሪያውን ሳትነግራት ሄደች።

ልቅሶው በረድ ሲል እትዬ ፅጌ ማርያም ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ያልወጣ ኀዘን ውስጥ ይበሰብሳል። ሰውም እያወራ ነው።»

«ሥራ የፈታ ያውራ። የኔን እንባ ሊሰፍር ነው የመጣ?»

«እኔም ሥራ ፈት ነኝ?»

ሀኒ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮ ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል። ኑሰይባ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ሳፋ ሙሉ ሽንኩርት፣ ይከትፋሉ። ከየሺመቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ማብሰያ ቤት አብረው ያረጁ ናቸው።

«ቢላ ይስጡኝ» አለች ሀኒ።

«ኧረ ነውር ነው» አሉ እትዬ ፅጌ ማርያም ከኋላ ተከትለው። «ኀዘንተኛ እጇን ለሥራ ታነሣለች?»

«ይተዉአት እስቲ» አሉ ኑሰይባ። «ሽንኩርት ኀዘንተኛ አይለይም፤ ሃይማኖትም አይለይ። ለዚህ አይደል እኔን እዚህ ያስቀመጡኝ።» ቢላውን ሰጧትና ውሃ በኩባያ አስጠጉላት። «ጉረሺ። ታውቂው የለ።»

ታውቀዋለች። አፍሽ ውስጥ ውሃ እስካለ ሽንኩርቱ ዓይንሽን አይነካም፤ አትዋጪው፣ አትትፊው። ቤታቸው እናትና ልጅ ጉንጫቸውን ነፍተው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከትፉ ነበር። የሺመቤት መናገር ስለማትችል በቅንድቧ ታስቃታለች፤ ሀኒ ችላ ችላ ውሃውን የእናቷ ቀሚስ ላይ ትረጨዋለች።

ጎረሰችና መክተፍ ጀመረች። ኑሰይባ የዚችን ልጅ ምላስ ያውቁታል፤ አፏ የተያዘበትን ሰዓት አገኙ።

«እኛን ሁላችንን ውሃ ያስጎረሰችን እሷ ናት» አሉ ከሽንኩርቱ ሳይነሡ። «እሷ ግን እዚያ ማብሰያ ቤት ጎርሳ አታውቅም።»

ቢላው ቆመ።

«ወላሂ። ጠዋት ስንገባ ሳፋውን ወደ ራሷ ስባ ጥጉን ትይዛለች። ማንም አይነካባትም። ‹የዛሬው ሽንኩርት ደግሞ ክፉ ነው› እያለች እንባዋን ታወርደዋለች፣ ሻሿ እስኪርስ። አባትሽ የሄደ ሰሞን ነው የጀመራት። እኔ ሞኟ አንድ ቀን ‹አንቺ፣ መላሽን ለራስሽ ረሳሽው?› አልኋት። ‹ቤት ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ልጨርሰው› አለችኝ። ዳግመኛ ጠይቄያት አላውቅም። ሳፋውን ብቻ አቀርብላት ነበር።»

ሀኒ ልትናገር ፈለገች፤ አፏ ሙሉ ነው። እናቷ ማታ ማታ ዓይኗ ደርቆ፣ እየሳቀች ትገባ ነበር። ሀኒ ደግሞ «እጅሽ ሽንኩርት ሸተተ፣ አትንኪኝ» ትላት ነበር። የሺመቤት በሎሚ ታሸዋለች፣ በጨው ታሸዋለች። ያ ሽታ ብቻ መላ አልተገኘለትም።

ከደጅ ሌላ ለቀስተኛ ጮኸ። እትዬ ፅጌ ማርያም ሀኒን ያያሉ። ኑሰይባ አያዩአትም።

ሀኒ ቀና አላለችም። ውሃውን ዋጠችው። ኩባያውን በክርኗ ገፋ አደረገችና ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችው።