የሻምበል ባሻ ገጽ ሁለት

፩

«…ሟቹ ሦስት ወፍጮ ቤትና አንድ የጭነት መኪና ያፈሩ ሲሆን፣ ከወንድሞቻቸው ጋር በነበራቸው የወሰን ክርክር እስከ ሰበር ሄደው ረትተዋል።»

፪

ትርሲት ቀና አለች። የሚቀበሩት አባቷ ናቸው፤ ሻምበል ባሻ ውብነህ፣ የሰሜን ግንባር ዘማች። ወፍጮ ቀርቶ ወንፊት በስማቸው የለም። ወንድምም አልነበራቸው።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ከነጠላቸው ሥር ዞር አሉ።

«ወፍጮ ነበረው እንዴ?»

«የለም እማዬ።»

«ሦስት እኮ ነው የሚለው። የት ደበቀው?»

፫

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ላስረዳ፤ ግራ መጋባቱ ለሐዘንተኞቹ ይበቃል። በእኛ ከተማ ሰው ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ገጽ አንድ ልደትና ሥራ ነው። ገጽ ሁለት ሰውየው ራሱ ነው፤ እዚያ ስም አይጠራም፣ «ሟቹ» ይበቃል። የዚያን ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው ጽሕፈት ቤት ሁለት የሕይወት ታሪክ ተጻፈ፤ የሻምበል ባሻና እዚያው በዚያው ሰዓት የሚቀበሩት የባለወፍጮው የአቶ ጥላዬ። መብራት ሄደ፣ መጣ። ማተሚያው ሁሉንም ባንዴ ተፋው። ባለቤቱ በጥድፊያ የአንዱን ገጽ አንድ ከሌላው ገጽ ሁለት ጋር አያይዞ በስቴፕለር መታው።

፬

(ከጡረተኛ ወታደሮች ወገን የተሰማ)

አንደኛው፦ ስለ ወፍጮው ነግሮህ ያውቃል?

ሁለተኛው፦ ምስጢር ጠባቂ ነበር እኮ።

አንደኛው፦ ወታደር ማለት እንዲህ ነው።

፭

ትርሲት ሕዝቡን ሰንጥቃ የእድሩ ጸሐፊ ጆሮ ደረሰች። ጸሐፊው ማይኩን በመዳፋቸው ከድነው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መሐል ላይ እንደማይቋረጥ፣ ቅሬታ ካላት በወሩ ስብሰባ እንድታቀርብ ነገሯት። ከዚያ ወደ ወፍጮው ተመለሱ።

፮

ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሌላ ድምፅ ማጉያ፣ ለአባቷ የጻፈችውን የገዛ ራሷን ቃል ሰማች።

«ባለቤታቸው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት የሴት ልጆቻቸውን ሹሩባ የሚሠሩት ሟቹ ነበሩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ‹አትነቃነቂ፣ ሰልፍ ላይ ነሽ› እያሉ፣ መሥመሩን ቀጥ ያደርጉታል። ከመጥበቁ የተነሣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት ቅንድባቸው ወደ ላይ ተስቦ፣ ሁልጊዜ የተገረሙ መስለው ነበር።»

አባቷን የምትሸኝበት ሌላ ቃል አልነበራትም።

፯

ሮጠች።

፰

ወረቀቱን ልትነጥቅ ነበር የሄደችው። ስትደርስ ግን ቆመች። አቶ ጥላዬ ለዱላ ካልሆነ በልጆቻቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው እንደማያውቁ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጆቹም ለወግ ያህል፣ ዓይናቸው ደርቆ ነበር የመጡት። አሁን ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፣ ሁለቱም የልጅ ልጅ ያዩ፣ ፀጉራቸውን እየዳሰሱ ይንሰቀሰቃሉ።

«ላንቺ ሠርቶልሽ ያውቃል?» አለች ታላቅየዋ።

«ሕፃን ሆኜ ይሆናል» አለች ታናሽየዋ። ትንሽ አሰበች። «አዎ። ያጠብቅ ነበር።»

፱

ትርሲት ተናደደች፣ ቀናች፣ አዘነችላቸውም። ዝም ካለች አባቷ ባለወፍጮ ሆነው አፈር ሊገቡ ነው፤ እናቷም እስከ ዕለተ ሞታቸው ወፍጮ ሲፈልጉ ሊኖሩ ነው። ከተናገረች ደግሞ እነዚህ ሴቶች ገና አሁን ያገኙትን አባት እዚሁ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያጡታል። ከወዲያ በኩል የእድሩ ጸሐፊ የመጨረሻው መሥመር ጋ ደርሰዋል።

ታላቅየዋ አየቻትና እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ አንቺም እያለቀስሽ ነው። ታውቂው ነበር? እውነት እንዲህ ነበር?»

፲

ሁለቱም ሣጥኖች ገና አልወረዱም።

ትርሲት እንዲህ አለች፤ ቃሉን አንባቢ ይሙላው፦

«                                        »