ዱቡሻ የመረቀው ሰው

ዘካሪያስ ሰባ ሦስተኛውን «ቀጭኔ» መዝግቦ ሰባ አራተኛውን ሊያሰምር ሲል አስናቀ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀው።

«ዝሆን ስንት ደረሰ?»

«አራት፣ ጓድ አስናቀ።»

«አራት!» ካድሬው የድምፅ መስጫውን ሣጥን በጫማው ገፋው። ከገረሴ ድረስ ጭቃ ለጭቃ በበቅሎ የመጣው ይህን ለማየት አልነበረም። ዝሆን የካሳ ምልክት ነው፤ ካሳ ደግሞ ፓርቲው ለብሔራዊ ሸንጎ ያዘጋጀው ሰው። ቀጭኔ ኦይታ ነው፤ ሸማኔ፣ እንሰት ተካይ፣ የዘካሪያስ ሚስት አባት። አስናቀ የሽማግሌውን ስም ከዕጩዎቹ ያልሰረዘው ሦስት ሰው መሙላት ስለነበረበት ብቻ ነው።

«ማን ቀሰቀሰ? አማትህ ነው አይደል?»

«ማንም አልቀሰቀሰም። በግንቦት ዕጩ ጠቁሙ ሲሉን ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ተቀመጡ።» ዱቡሻ አገሩ ሁሉ የሚመክርበት መስክ ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ ተነጋገሩና ሁሉም ተስማምተው ኦይታን መረቁ። ዱቡሻ ከመረቀ በኋላ ሌላ ሰው መምረጥ ጎሜ ነው ይላሉ። ጎሜ የነካው ሰው ከብቱ ያልቃል፣ ልጁ ይታመማል ብለው ይፈራሉ።»

«ጥቆማ ነው እኮ ያልኳችሁ! ምርጫው ዛሬ ነው!»

«ለእነሱ ምርጫው በግንቦት አልቋል። ዛሬ የመጡት ሊያጸኑት ነው።»

አስናቀ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ለስለስ ብሎ ጠየቀ፤ «ታዲያ ዱቡሻችሁ የመረቀውን ሰው የሚያወርድበት መንገድ የለውም?»

ዘካሪያስ ሲጠይቁት ማስረዳት ይወዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ የእህል መጋዘን እስኪሆን ድረስ ወንጌላዊ ነበር፤ አሁን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው።

«አለው» አለ። «ሁሉም ከተስማሙ ከሰው ያወጡታል። ቤቱ ይቀመጣል እንጂ እሳት የሚጭርለት፣ ውሃ የሚያቀምሰው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። የሰጠውም ሰው እንደሱ ይሆናል።»

የአስናቀን ዓይን ያየው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኦይታን እንዲጠራ የተላከው ራሱ ዘካሪያስ ነበር። ሽማግሌው ከሽመና ጉድጓዱ በዝግታ ወጣ።

«አባባ፣ ‹እኔ ትቻለሁ፣ ካሳን ምረጡ› ይበሏቸው። ምናልባት አስናቀ ይተውዎታል።»

«እኔ መቼ ያዝኩና ልተው? የሰጡኝ እነሱ ናቸው።» ኦይታ ከእግሩ ላይ የክር ብናኝ አራገፈ። «ለመሆኑ ቀጭኔ የሚሉት አውሬ አንገቱ ረጅም ነው አሉ?»

«አዎ።»

«ሰውየው አውቆ ነው የሰጠኝ በለኛ። ለገመድ ይመቻል።»

ዘካሪያስ መሳቅ አቃተው።

ዱቡሻው ሞልቷል። አስናቀ ያመጣቸው ታጣቂዎች የአገሩን ጎረምሶች ለይተው አጥሩ ሥር አሰልፈዋቸዋል። አስናቀ መሃል ገብቶ ቆመ።

«በባህላችሁ ነው የምንሄደው» አለ ፈገግ ብሎ። «ይህን ሰው ከመሃላችሁ ታወጡታላችሁ። እምቢ ካላችሁ እነዚህ ዛሬውኑ አርባ ምንጭ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ጦር ሜዳ።»

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ዳልጮ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «ይውጣ» አለ። ቀጥሎ ያለውም «ይውጣ» አለ። አንዳንዱ ፊቱን በቡልኮው ሸፍኖ አለ። ዙሩ ሲያልቅ አስናቀ እጁን በእጁ መታ።

«ጨረስን።»

«አልጨረስንም» አለ ዳልጮ። «የአንድ ሰው ቃል ከጎደለ ዱቡሻ አይጸናም። ራሱ ኦይታ አላለም።»

ዘካሪያስ ዳልጮ ለኦይታ ማምለጫ እያበጀለት መሰለው። አስናቀ ግን ወደ ጎረምሶቹ ብቻ ጠቆመ። ኦይታ አንድ በአንድ አያቸው፤ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው።

«ይውጣ» አለ ስለ ራሱ።

ዘካሪያስ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ። ውጤቱንም እንደታዘዘው ጻፈ፤ ዝሆን ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ቀጭኔ አራት። ሁለቱም ላይ ፈረመ።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለው አስናቀ። ከመሄዱ በፊት ታጣቂዎቹን ልኮ የኦይታ ምድጃ ላይ ውሃ አስደፋበት።

በሦስተኛው ቀን ማምሻ ዝናቡ አላባራም። ከአጥሩ ማዶ የሽማግሌው ሳል ይሰማል። የዘካሪያስ ሚስት አገርነሽ ከምድጃው ፍም ጭራ በገል ያዘች።

«ወዴት ነው?» በሩ ላይ ቆመባት።

«ሳሉን አትሰማም? ሦስት ቀን ሙሉ ጥሬ ነው የሚቆረጥመው።»

«ሰው ቢያይሽስ? ልጆቻችንም እንደሱ ይሆናሉ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ‹ጎሜ ውሸት ነው፣ ጌታ ሽሮታል› ብለህ የሰበክኸን? እኔ እኮ አንተን ሰምቼ ነው ያመንኩት።»

«ጎሜ ባይኖርም አስናቀ አለ።»

«ልቀቅልኝ በሩን።»

ዘካሪያስ እሳቱን ከበው የተቀመጡትን ሦስት ልጆቹን አየ። ከዚያ ገለል አለላት። ፍሙን በእጇ ከዝናቡ ከልላ ወጣች።

እርምጃዋ አጥሩን እስኪያልፍ ጠበቀ። በሩን ዘጋና ከውስጥ ቀረቀረው።