ከእጁ የተነጠቀው ጠርሙስ

የስኳር ሕመምተኛ አጠገብዎ ተቀምጦ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ምላሱ ቢተሳሰር ምን ይሰጡታል? ቶሎ ይመልሱ! ሰውየው ጊዜ የለውም።

አስፋው መልሱን እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነበር። የሽፈራው ሣልስት ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ያወራል።

«ከልክዬዋለሁ እኮ! ለስላሳውን ከእጁ ነጥቄ ነው ያስቀመጥኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ቤቱ ተደብቆ ሲጠጣ ኖሮ ነዋ!»

«አይ ሽፌ! አፉን መግዛት አቃተው» አለ አንዱ፣ ዳቦ እየጎረሰ።

የሟች ልጅ ሔዋን ከሴቶቹ መሃል ሰማች። ልትነሣ ስትል ጎረቤቷ ዘሃራ ጉልበቷን ያዘቻት።

«ተይ ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው።»

«የአባቴ ለቅሶ ነው፣ እትዬ። ስሙንም አብረው ይቅበሩት?»

አፉን መግዛት አቃተው! ጠዋት ማታ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ሲለካ፣ የኢንሱሊን መርፌውን በምግቡ ልክ ሲወጋ የኖረውን ሰው ነው እንዲህ የሚሉት። ሠርግ ቤት እንጀራውን ከግማሽ አያሳልፍም ነበር። አንዲት የሙሽራ እናት የዶሮ ጉርሻ ይዛ ብትቆምበት «እጅሽ ይባረክ፣ መርፌዬ ይህን አልቆጠረም» ብሎ መለሳት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ታኩርፋ!

«ሔዊ» ይላት ነበር፣ «ስኳሬ ሲወጣ ቀስ እያለ ነው የሚጎዳኝ። ሲወርድ ግን አይታገሥም። ያኔ ጣፋጭ ስጪኝ፤ ማንንም እንዳታማክሪ።» ለዚያች ሰዓት ብሎ ከረሜላ ከኪሱ አያጠፋም ነበር።

ጎሮ የሚኖር የእድሩ አባል የሞተ ዕለት ግን ሽፈራው የሐዘን ኮቱን ለበሰ፤ ከረሜላው በግራጫው ኮት ኪስ ቀረ። መርፌውን ተወግቶ ቁርሱን ሳይጨርስ በስልክ ተጠርቶ ወጣ፤ የእድሩ ዳኛ ነዋ። ሬሳ ሳይቀበር እህል መቅመስ ነውር ነው፤ ቀብሩም ዘገየ። ከመቃብር ተመልሰው ጎሮ ከተተከለው ድንኳን ሲገቡ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ሐዘኑ ከብዶት ነው» አሉ።

«ወርዶብኛል» ሲል ግን እዚያው የነበረችው ዘሃራ በጆሮዋ ሰምታ ለሔዋን ነግራታለች። ከሳጥኑ ለስላሳ አንሥቶ ከፈተ። ምክትሉ አስፋው ነጠቀው።

«ስኳር አለብህ አይደል እንዴ! ራስህን ልትገድል ነው?»

ከዚያ ውሃ ሰጠው። ውሃ! የድንኳኑ ጥግ በለስላሳ ሳጥን ተሞልቶ ሳለ ውሃ! ሽፈራው ሆስፒታል ሲደርስ ረፍዶ ነበር። ሐኪሙም ለሔዋን አልደበቃትም፤ «ስኳሩ ወርዶ ነው። በጊዜው ያንን ጠርሙስ ቢጠጣ ኖሮ በሕይወት ሊኖር ይችል ነበር» አላት።

ሔዋን የዘሃራን እጅ ቀስ ብላ አነሣች። እዚህም ድንኳን ጥግ ከተደረደረው የለስላሳ ሳጥን አንድ ጠርሙስ አውጥታ ከፈተች፤ በወንዶቹ መሃል አልፋ አስፋው ፊት ቆመች።

«ምነው ልጄ? እኔ እኮ ለእሱ ብዬ...»

«ለእሱ ብለው እንደነጠቁት አውቃለሁ፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ሆዳም ነበር እያሉ ሊሄዱ ነው። ነገ ሌላው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ እንደ እርስዎ ይነጥቁታል!»

ጠርሙሱን እጁ ላይ አኖረች። የአባቷን ጣት ለስኳር ልኬታ ትይዘው እንደነበረው፣ የአስፋውን ጣቶች አንድ በአንድ ጠርሙሱ ላይ አጠፈቻቸው። ከዚያ የእድሩን ማይክ ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«አባቴ ይህን ሲያነሣ ምን ብሎዎት ነበር? ይነሡና ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ!»