ከጺሙ ሥር

ዳረል የወደቀው ጠመንጃውን አነጣጥሮ፣ አጋዘኑ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየው ነው። አብረውት ጫካ የሰነበቱት ጓደኞቹ በፒካፕ ጭነው ባሕሩ ዳር ካለችው ትንሽ ሆስፒታል አደረሱት። ዶክተር ዊሌት ስትገባ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ደረቱና ጀርባው ላይ ልብ ሲቆም በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ንጣፍ ከምትለጥፍለት ነርስ ከትሩዲ ጋር ይቀልድ ነበር።

«እኔ ወደቅሁ፣ አጋዘኑ ቀስ ብሎ ሄደ» አለ። «ሮጦ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።»

ትሩዲ አልሳቀችም። ዓይኗ ሞኒተሩ ላይ ነበር። የዳረል ልብ በደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ ብቻ ይመታል።

ዶክተር ዊሌት ወረቀቱን ከማሽኑ ቀድዳ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። የልቡ የላይኛው ክፍል በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ የታችኛውም በራሱ፤ በመካከላቸው ትእዛዝ የሚያደርሰው መስመር ተቋርጧል። ዳረልን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር የጠገነችው እሷ ናት። አባቱንም ታውቀው ነበር። አባቱ በአርባ አራት ዓመቱ፣ ጀልባው ላይ እንደቆመ፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ዳረል አሁን አርባ አንድ ነው። ሚስቱ ጂና ካፖርቷን ሳታወልቅ ከግርጌው ቆማለች፤ ይህን ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለከተማው የልብ ሐኪም ለዶክተር ቫርኒ ደወለች።

«ላኪው» አላት። «እንደደረሰ ልቡን የሚያስመታ ቋሚ ፔስሜከር ደረቱ ውስጥ እናስገባለታለን።»

«ከመዥገር ንክሻ የሚመጣው የላይም በሽታ ቢሆንስ? እሱ ከሆነ ልቡ በመድኃኒት ይመለሳል።»

«የተነከሰበት አለ? ሽፍታ አለው?»

«አላገኘሁም።»

«የደም ምርመራው ደግሞ ቀናት ይፈጃል። አባቱ እንዲያ ሞቶ፣ እኔ በግምት ብቻ ልቡን በጊዜያዊ ሽቦ እያስመታሁ ላቆየው ነው? የምታሳዪኝ ነገር ካገኘሽ ደውዪ።»

ስትመለስ ዳረል ቀልዱን አቁሞ ነበር። «ሰማሁ» አለ። «ያ ዕቃ ደረቴ ውስጥ ከገባ ብየዳው አበቃ ማለት ነው። የብየዳው ኤሌክትሪክ ዕቃውን ያውከዋል ብለው የጀልባ መሥሪያው ኃላፊዎች በሩን አያሳልፉኝም። ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ዶክተር።»

«መጀመሪያ በሕይወት ኑርልኝ» አለችው፤ ከዚያም እንደ አዲስ ትመረምረው ጀመር። ከጣቶቹ መካከል፣ ከጉልበቱ ጀርባ፣ ብብቱን፣ ጀርባውን፣ የራስ ቅሉን በጣቷ እየከፈለች አየች። የግራ ጉልበቱ አብጧል።

«ድንጋይ ላይ ወድቄ ነው» አለ።

«መዥገር ትፈትሽ ነበር?»

«ማታ ማታ፣ ልብሴን አውልቄ፣ ከእግር እስከ ብብት። የመዥገር መከላከያ ቅባቱን ግን አልተቀባሁም፤ አጋዘኑ ይሸተዋል።»

ውኃ ጠየቀና ትሩዲ ሰጠችው። ሲጠጣ በግራ የአፉ ጥግ በኩል እየወረደ ጺሙ ውስጥ ገባ። እሱ አላወቀውም። ዶክተር ዊሌት ግን አየችው።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጺሙ ነው» አለች ጂና። «የአደን ወቅት ከተከፈተ ጀምሮ የሾርባውን ግማሽ የሚበላው እሱ ነው።»

«ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ።»

ቀኙ ተነሣ። ግራው አልተነቃነቀም።

«ዓይንህን ጨፍን። ጥብቅ አድርገህ።»

ግራው አልገጠመም፤ ነጩ በቀጭኑ ይታያል። ጉልበት፣ ፊት፣ ልብ። ሦስቱን ባንድ ላይ የሚይዝ በሽታ ብዙ የለም። ያልፈተሸችው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ቀርቷል።

«ትሩዲ፣ መላጫ አምጪልኝ።»

ዳረል እጁን አገጩ ላይ አደረገ። «አጋዘን ሳልጥል? እዚያ ካምፕ ሳይጥል የተላጨ ሰው የለም። አባቴም አላደረገውም።»

«አባትህ ሞቷል፣ ዳረል» አለች ጂና ቀስ ብላ።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ሞኒተሩ ላይ ያለው መስመር ተዘረጋ፤ ተዘርግቶም ቀረ። ዓይኖቹ ወደ ላይ ሄዱ። ትሩዲ ማሽኑን ስትከፍተው ደረቱ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ። ዶክተር ዊሌት ጣቶቿን ብሽሽቱ ላይ አድርጋ የደሙን ምት ፈለገች። ጂና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«ይመታል» አለች ዶክተሯ።

ዳረል አቃሰተ። «ማነው የሚረግጠኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ትሩዲ። «ጉንጭህን ስጣት፣ አለበለዚያ እደግመዋለሁ።»

ልቡ በራሱ መምታት ሲጀምር ዶክተር ዊሌት መላጫውን አነሣች። ጺሙ በእፍኝ በእፍኙ አንሶላው ላይ ወደቀ። ከግራ መንጋጋው ሥር እስከ አንገቱ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ መካከሉ የደበዘዘ፣ ዳሩ የቀላ የሽፍታ ቀለበት ተገለጠ። ፎቶ አንሥታ ላከችና ደወለች።

ዶክተር ቫርኒ ፎቶውን ከፍቶ አየው። «አንቲባዮቲኩን በደም ሥሩ አሁኑኑ ጀምሪለት» አለ። «ጊዜያዊ ሽቦ ብቻ አስገባለታለሁ። መስመሩ ካልተመለሰ ግን ቋሚው አይቀርለትም።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች፤ ነገረቻቸውም፣ ምንም ሳታስቀር።

ሳምንቱ ሳያልቅ መስመሩ ተመለሰ። ሽቦው ወጣ፤ ደረቱ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ዳረል ለክትትል ሲመጣ ጉንጩ ተላጭቶ ነበር፤ እጁ ላይም አዲስ የብየዳ ጠባሳ ነበረበት። የልቡን ወረቀት አሳየችው። ብዙም አላየውም።

«አባቴ የሞተው በአደን ወር ነው» አለ። «እሱም ያን ዓመት አጋዘን አልጣለም ነበር። ከነጺሙ ነው የቀበርነው፤ ከሥሩ ምን እንደነበረ ያየ የለም።»

ዶክተር ዊሌት ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

ጨፈነ። ሁለቱም ገጠሙ።